ዛንዚባርን በባህሩ ሰዓት መጎብኘት፦ ከጨረቃ ቆጠራ እስከ መልስ በረራ

ዛንዚባር ሄደው ቅር ብሏቸው የሚመለሱ ሰዎች አቤቱታ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ፎቶው ላይ ያየነው ባህር የለም። ከሆቴላችን ፊት ለፊት እርጥብ አሸዋና የባህር ሣር ብቻ ነው የነበረው።» ባህሩ ግን አልጠፋም። ፎቶው የተነሳው ውሃው በሞላበት ሰዓት ነው፣ እነሱ ዋና ልብሳቸውን ለብሰው የወጡት ደግሞ በሸሸበት ሰዓት። በምሥራቁ ዳርቻ ውሃው አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

በዚህ ደሴት የቱን ቦታ መቼ እንደምታዩ የሚወስነው ባህሩ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሆቴል ይይዛል፣ ከዚያ ጉብኝት ይገዛል፣ ስለ ባህሩ የሚሰማው እዚያው ከደረሰ በኋላ ነው። እኛ የምንመክረው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ጨረቃን ማየት፣ ከዚያ የባህሩን ሰዓት፣ ከዚያ ማረፊያ መምረጥ፣ ጉብኝቶቹን በመጨረሻ ማደላደል።

ከዚህ በታች ያለው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ደግነቱ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፤ «ሳዓ ንኔ አሱቡሂ» ማለት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ዛንዚባር ያለችባት ታንዛኒያና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነትም የላቸውም። ችግር የሚመጣው በእንግሊዝኛ ስትነጋገሩ ነው። የጀልባው ሰው በእንግሊዝኛ «አራት» ካላችሁ የፈረንጁን አራት፣ ማለትም የእኛን ከቀኑ 10 ሰዓት ማለቱ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብላችሁ አረጋግጡ፣ ከተቻለም በስዋሂሊ ድገሙት።

ከመነሳታችሁ በፊት የሚያልቁ ጉዳዮች

ቪዛውን በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ አስቀድማችሁ ጨርሱ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ አየር ማረፊያ ደርሼ አወጣለሁ ብላችሁ አትነሱ፤ ፈቃዱ እጃችሁ ሳይገባም ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አትቁረጡ። በአሜሪካ ፓስፖርት የሚመጣ ወገን የሚከፍለው ከሌላው ይበልጣል፤ የተለመደው የአንድ ጊዜ ቪዛ 50 ዶላር ሲሆን ለአሜሪካ ዜጎች ያለው 100 ዶላር ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋችኋል፣ ምክንያቱም ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ከሚባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መከተብ አይጠቅምም። አንዴ የተከተበ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል፤ አሮጌ ካርዳችሁን ፈልጉ። ስለ ወባ መድኃኒትም ሐኪም አማክሩ፤ ደሴቷ ላይ ወባ በእጅጉ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም።

ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ማንኛውም የውጭ ጎብኚ የዛንዚባርን የጉዞ መድን በ44 ዶላር መግዛት ግዴታው ነው። ሌላ መድን ቢኖራችሁም ይህ አይቀርላችሁም። በኢንተርኔት ገዝታችሁ ወረቀቱን አትሙት፤ አየር ማረፊያው ሰልፍ ላይ በስልክ ለመክፈል መታገል አድካሚ ነው።

ወቅትን በተመለከተ፦ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ አየሩ ደረቅና ለብ ያለ ነው፣ ነፋሱ «ኩሲ» ከደቡብ ይነፍሳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሞቃል፣ ነፋሱ «ካስካዚ» ከሰሜን ይመጣል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት «ማሲካ» የሚባለው ከባድ ዝናብ ነው፤ ዋጋው ይወርዳል፣ አንዳንድ ሆቴሎችም ይዘጋሉ፣ ውሃውም ስለሚደፈርስ ከውሃ በታች ማየት ያስቸግራል። በኅዳር ገደማ ያለው «ቩሊ» አጭር ዝናብ ነው፣ ጉዞ የሚያስቀር አይደለም።

ጨረቃን ከባህሩ ጋር ማገናኘት

ይህን ክፍል በደንብ ያዙት፣ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው።

ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከሙላት እስከ ሽሽት ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል፣ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ዛሬ 4 ሰዓት ላይ ሽሽት ከነበረ ነገ ወደ 5 ሰዓት ሊቃረብ ነው።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ፣ እንዲሁም በቀጣዮቹ ሁለትና ሦስት ቀናት፣ ልዩነቱ ትልቅ ይሆናል። የአገሬው ዓሣ አጥማጅ «ባምቩአ» ይለዋል። በእነዚህ ቀናት በሽሽትና በሙላት መካከል ያለው የውሃ ከፍታ እስከ 4 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ደግሞ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥበት ጊዜ ይመጣል፤ ያንን «ማጂ ማፉ»፣ ሙት ውሃ፣ ይሉታል።

ዛንዚባር ላይ አንድ የሚመች ነገር አለ። በባምቩአ ቀናት ሽሽቱ ሁልጊዜ ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ላይ ይውላል፣ ሙላቱ ደግሞ ከቀኑ 10 እስከ 11 ሰዓት። በሙት ውሃ ቀናት ይገለበጣል፦ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ሙላት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ሽሽት። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያ አንስታችሁ በጉዟችሁ ሳምንት ጨረቃ ምን እንደምትመስል ካያችሁ፣ ገና አዲስ አበባ ሳላችሁ ቀኑን በግምት መክፈል ትችላላችሁ። ትክክለኛውን ሰዓት ከማንኛውም የባህር ሙላት መተግበሪያ ወይም ሆቴሉ ከሚለጥፈው ሠንጠረዥ ውሰዱ። ሠንጠረዡ በየቀኑ አራት ሰዓትና አራት ቁጥር በሜትር ያሳያል፤ ከ0.5 በታች ከሆነ ሪፉ (ከዳርቻው ራቅ ብሎ ያለው የኮራል ድንጋይ አጥር) ድረስ በእግር የሚኬድበት ቀን ነው፣ ዝቅተኛው ቁጥር 1.3 ወይም 1.5 ከሆነ ሙት ውሃ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ውሃው ሲመለስ በእኩል ፍጥነት አይደለም። ልዩነቱ 3.6 ሜትር በሆነበት ቀን በመጀመሪያው ሰዓት የሚጨምረው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ በሁለተኛው 60፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ግን በየሰዓቱ 90፣ ከዚያ እንደገና 60ና 30። ከጉልበት በታች የነበረ ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረት ላይ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሪፍ ላይ ወጥተው የሚቸገሩ ሰዎች የመጀመሪያውን ሰዓት አይተው «ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው» ብለው ስለሚዘናጉ ነው። ውሃው ደግሞ በፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፤ ከኋላችሁ በኩል ያለውን ዝቅተኛ ቦይ ቀድሞ ይሞላል።

ማረፊያ መምረጥ

ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚፈልግ፣ በተለይ ልጆች ይዞ የሚመጣ፣ ሰሜን ጫፍ ላይ ኑንግዊን ወይም ኬንድዋን ይምረጥ። እዚያ ዳርቻው ቶሎ ስለሚጠልቅ ሽሽቱ ያን ያህል አይሰማም። ፊታቸውም ወደ ምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ ባህሩ ውስጥ ስትገባ ይታያል። ጉዳቱ ሕዝቡ መብዛቱና ምሽት ላይ ሙዚቃው መጮኹ ነው።

ፓጄ፣ ጃምቢያኒና ብዌጁ በምሥራቅ ናቸው። ሪፉ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ስለሚገኝ በመካከሉ ሰፊ ጥልቀት የሌለው ሜዳ አለ፤ ሲሸሽ የሚገለጠው እሱ ነው። ለካይት ሰርፊንግ (በነፋስ ጃንጥላ ተጎትቶ ውሃ ላይ መንሸራተት)፣ ለእግር ጉዞና የመንደሩን ሕይወት ለማየት ከዚህ የተሻለ የለም። ለዋና ግን ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። በባምቩአ ሳምንት ከመጣችሁ ዋናው ከሰዓት በኋላ፣ በሙት ውሃ ሳምንት ከመጣችሁ ጠዋት ይሆናል።

የድንጋይ ከተማ (ስቶን ታውን) በምትባለው የደሴቷ አሮጌ ከተማ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። አብዛኛው ጎብኚ የግማሽ ቀን ብቻ ይሰጣታል፤ ትልቅ ስህተት ነው።

የድንጋይ ከተማ፦ በእግር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ

ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ጎዳናዎቿ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እስከማያሳልፉ ድረስ ይጠባሉ፤ ካርታ ብዙም አይረዳም፣ መጥፋትም አያሰጋም፣ ምክንያቱም ሩብ ሰዓት ቀጥ ብሎ የተጓዘ ሰው ወይ ባህሩ ጋ ወይ ትልቁ መንገድ ላይ ይወጣል። ከሙቀቱ ለማምለጥ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ከዳራጃኒ ገበያ ጀምሩ። የዓሣው ጨረታ ጠዋት ላይ ነው፤ ዘግይቶ የሄደ ሰው የታጠበ ወለል ብቻ ያያል። ወለሉ እርጥብ ስለሆነ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ።

ከገበያው ጥቂት ደቂቃ በእግር ሄዳችሁ የአንግሊካን ካቴድራሉን ታገኛላችሁ። የቆመው የምሥራቅ አፍሪካ ትልቁ የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ሲሆን የካቴድራሉ ሥራም በዚያው ዓመት ተጀመረ፤ ግንባታውን የመሩት ጳጳስ ኤድዋርድ ስቲር ነበሩ። ከመሠዊያው ፊት ያለው ወለል ላይ ክብ ምልክት ታያላችሁ፤ ባሪያዎች ታስረው ይገረፉበት የነበረው ግንድ የቆመበት ቦታ ነው። ቀና ስትሉ ከእንጨት የተሠራ መስቀል አለ፣ እንጨቱ የስኮትላንዳዊው ሚስዮናዊና አሳሽ የዴቪድ ሊቪንግስተን ልብ ከሥሩ ከተቀበረበት ዛፍ የመጣ ነው። ወደ በሩ አካባቢ ያሉት ዓምዶች ተገልብጠው የቆሙ ናቸው፤ ግንበኞቹ ጳጳሱ በሌሉበት ነው ያቆሟቸው ይባላል።

ግቢው ውስጥ ከመሬት ዝቅ ባለ ጉድጓድ አምስት ሰዎች በድንጋይ ተቀርጸው ቆመዋል። ስዊድናዊቷ ቀራጺ ክላራ ሶርናስ እ.ኤ.አ. በ1998 የሠራችው ነው። አንገታቸው ላይ ያለው ሰንሰለት የተቀረጸ አይደለም፣ በዚያ ዘመን ያገለግል የነበረ እውነተኛ ብረት ነው። ዝገቱ በዝናብ ጊዜ ድንጋዩ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ምድር ቤቶቹ ውረዱ፤ ጣሪያቸው ቀና ብሎ የማያስቆም፣ አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። ለዚህ ስፍራ አንድ ሰዓት ተኩል ስጡት፣ አስጎብኚም ያዙ፤ ትረካውን ሳይሰሙ ማየት ግማሹን መተው ነው።

ከካቴድራሉ ወደ ባህሩ ስትሄዱ በሮቹን እያያችሁ ሂዱ። አናቱ ቅስት የሆነ በር የሕንድ አሠራር ነው፤ ሾል ሾል ያሉት የናስ ጉብታዎች ሕንድ አገር የጦር ዝሆን በሩን እንዳይገፋ የሚሠሩ ነበሩ፣ ዛንዚባር ላይ ጌጥ ሆነው ቀሩ። አናቱ ቀጥ ያለና አራት ማዕዘን የሆነው የዓረቦቹ ነው፣ ከላዩ ላይ የቁርዓን ጽሑፍ ይቀረጽበታል። ጠርዙ ላይ የሰንሰለት፣ የዓሣ፣ የአበባ ቅርጽ ታገኛላችሁ። ፎቶ ስታነሱ ቤቱ የሰው መኖሪያ መሆኑን አትርሱ፤ በር ላይ የተቀመጠ ሰው ካለ መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ለትልቅ ሰው «ሺካሞ» ይባላል፣ መልሱ «ማራሃባ» ነው። «ጃምቦ» ለቱሪስት የተተወ ሰላምታ ነው፤ «ሺካሞ» ያለ እንግዳ ግን ፈገግታ አይቸግረውም።

የባህሩ ዳር ላይ የድሮው ምሽግ «ንጎሜ ኮንግዌ» አለ። ኦማኖች ፖርቹጋሎችን በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ካስወጡ በኋላ የሠሩት ነው፣ መግቢያውም ነጻ ነው። ከጎኑ ያለው ትልቁ ሕንፃ «ቤተ አል አጃኢብ»፣ የድንቆች ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1883 በሱልጣን ባርጋሽ ቢን ሰዒድ የተሠራ ሲሆን በአካባቢው ኤሌክትሪክ ከገባላቸው የመጀመሪያዎቹ ቤቶች አንዱ ነበር። የባርጋሽ እናት ሐበሻ ነበረች፤ ከአገራችን ተወስደው በሱልጣኖቹ ቤት ከኖሩት ሴቶች አንዷ። ይህን የሚነግሯችሁ አስጎብኚዎች ጥቂት ስለሆኑ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2020 የሕንፃው አንድ ጎን ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል፤ ጥገናው ረጅም ስለሆነ ከውጭ ለማየት ተዘጋጁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ምሽጉ ፊት ለፊት ያለው የፎሮዳኒ መናፈሻ የምግብ ገበያ ይሆናል። ሙላት ከምሽቱ ጋር በገጠመበት ቀን የሰፈሩ ልጆች እየሮጡ ከግንቡ ወደ ባህሩ ሲዘሉ ታያላችሁ። ምግቡን በተመለከተ ምክራችን ግልጽ ነው፦ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ያሉት የዓሣና የኦክቶፐስ ቁራጮች ስንት ሰዓት እንደቆዩ አይታወቅም፣ ተመልሰው ነው የሚሞቁት። ፊታችሁ ከጥሬው የሚሠራውን ምረጡ፤ «ኡሮጆ» የሚባለውን ኮምጠጥ ያለ ሾርባ፣ ምጣድ ላይ የሚጠፈጠፈውን የዛንዚባር ፒዛ፣ በዝንጅብልና በሎሚ የሚጨመቀውን የሸንኮራ ጭማቂ። ዋጋውን ከመብላታችሁ በፊት ተስማሙ።

ለጾም የሚበላ አይጠፋም። ቦሎቄ በኮኮናት ወተት፣ «ማሃራጌ ያ ናዚ»፣ በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝ፣ የተቀቀለ ካሳቫ በየቦታው አለ። ፒላው የሚባለው ቅመም ያለው ሩዝ ግን በሥጋ መረቅ ነው የሚበስለው፣ ማንዳዚ የሚባለው የተጠበሰ ሊጥም ወተት ወይም እንቁላል ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ። በረመዳን ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ጎዳና ላይ መብላትና መጠጣትም ነውር ነው።

ከተማው ውስጥ ተከትሏችሁ ጉብኝት የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። አገሬው «ፓፓሲ» ይላቸዋል፣ መዥገር ማለት ነው። «ሃፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብላችሁ ሳትቆሙ ሂዱ። ለጀልባም ሆነ ለጉብኝት ቀብድ በጎዳና ላይ አትስጡ።

የኤሊዎቹ ደሴትና የአሸዋው ቁልል

ቻንጉ ደሴት ከከተማው በጀልባ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። የእስር ቤት ደሴት ይሏታል፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ እስር ቤቱ ተሠርቶ ግን እስረኛ አልገባበትም፤ የታመሙ መንገደኞች ተለይተው የሚቆዩበት ጣቢያ ሆነ። አሁን ሰው የሚሄደው ለግዙፎቹ ኤሊዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጡት አራት ነበሩ። ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል፣ ከመቶ ያለፉ አሉ። ቅጠል ስታበሉ ከፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ጣታችሁን ከቅጠሉ ጫፍ አርቁ፣ ጀርባቸው ላይ አትቀመጡ።

ናኩፔንዳ ደግሞ በባህር መካከል የሚገለጥ ነጭ የአሸዋ ቁልል ነው፤ ስሙ «እወድሃለሁ» ማለት ነው። በሙላት ጊዜ ይጠባል፣ በባምቩአ ቀናት ጨርሶ ይዋጣል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት የተለመደ ነው፣ ቅደም ተከተሉን ግን ባህሩ ይወስን። በባምቩአ ሳምንት ከከተማው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስታችሁ መጀመሪያ አሸዋው ጋ ሂዱ፣ ከዚያ ኤሊዎቹ። በሙት ውሃ ሳምንት ኤሊዎቹን አስቀድሙና አሸዋውን ለከሰዓት አቆዩት። የጀልባው ሰው ሁልጊዜ በለመደው ሰዓት ሊወስዳችሁ ይፈልጋል፤ ሠንጠረዡን አሳዩት። አሸዋው ላይ ዛፍ የለም፣ ጥላ አለመኖሩን አስቡና እጅጌ ያለው ልብስ፣ ኮፍያ፣ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ ያዙ። ጀልባው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የሕይወት ጃኬቶቹን ቁጠሩ።

ቅመም እርሻ

ከከተማው በስተሰሜን ኪዚምባኒና ኪዲቺ አካባቢ ያሉት እርሻዎች ለጠዋት ይመቻሉ፣ የባህሩ ሰዓት አያገባቸውም። ለአማርኛ አንባቢ ደስታው እናቶቻችን ማጀት ያለውን ሁሉ በቁሙ ማየት ነው፦ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ገውዝ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድ፣ ጠጅ ሣር። ቅርንፉድ ስዋሂሊው «ካራፉ» ይለዋል፣ የስም ዝምድናው ይሰማል። የምናውቀው ደረቅ ቅርንፉድ ሳይፈነዳ የተለቀመ የአበባ እምቡጥ ነው፤ አበባው ከፈነዳ ዋጋ የለውም።

ስትገዙ ፈትኑት። የቅርንፉዱን ግንድ በጥፍር ስትጫኑት ዘይት ካላወጣ ያረጀ ወይም ዘይቱ የተጨመቀ ነው። ውሃ ውስጥ ጣል ስታደርጉት ጥሩው ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል ወይም ይሰምጣል፣ ዘይቱ ያለቀበት አግድም ይንሳፈፋል። ቫኒላ እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ እንጂ የሚሰበር መሆን የለበትም። «የዛንዚባር ሳፍሮን» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን እለፉት፤ ሳፍሮን እዚያ አይበቅልም፣ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ሳፍላወር የሚባለው የሱፍ ተክል አበባ ነው። ለቤት የሚሆነውን ከእርሻው ይልቅ ከዳራጃኒ ገበያ ግዙ፣ ዋጋው ይቀንሳል።

ጆዛኒ፦ ቀይ ጉሬዛና ማንግሮቭ

ከከተማው 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የጆዛኒ ጫካ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ጥቁርና ነጩን ጉሬዛ እናውቀዋለን፤ እዚህ ያለው ቀዩ ነው፣ በዱር የሚገኘውም በዛንዚባር ብቻ። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፣ በአራት ጣቱ ብቻ ቅርንጫፉን ቆልምሞ ሲይዝ በቅርብ ተመልከቱት። ከመንደሮቹ አጠገብ ያሉት ከሰል ይበላሉ፤ የሚመገቡት የማንጎና የአልሞንድ ቅጠል ውስጥ ያለውን ሆድ የሚጎዳ ነገር ከሰሉ ይይዝላቸዋል። ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ፣ ጉንፋን ያለበት ሰው ደግሞ ይበልጥ ይራቅ፤ የእኛ በሽታ ይገድላቸዋል።

ትኬቱ በባህር ውሃ ዳር የሚበቅለውን የማንግሮቭ ዛፍ ጫካ የእንጨት መራመጃም ይጨምራል። ብዙዎች እዚያ ደርሰው ጭቃና ሥር ብቻ ያያሉ፣ በሽሽት ስለሚሄዱ ነው። በሙላት ሲኬድ ውሃው በሥሮቹ መካከል ይቆማል፣ ትንንሽ ዓሦች ይታያሉ። ጉሬዛዎቹ የሚንቀሳቀሱት በማለዳና ፀሐይ በረድ ሲል ስለሆነ በባምቩአ ሳምንት ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ፣ በሙት ውሃ ሳምንት ጠዋት 3 ሰዓት ብትደርሱ ሁለቱም ይገጥማሉ።

ፓጄና ጃምቢያኒ በሽሽት ጊዜ

በባምቩአ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሴቶች ካስማዎችና ገመድ ይዘው ወደ ሸሸው ባህር ይወጣሉ። የባህር ሣር፣ «ምዋኒ»፣ የሚያለሙት እነሱ ናቸው፤ እርሻው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሁለት ካስማ አሸዋው ላይ ተተክሎ በመካከሉ ገመድ ይወጠራል፣ በገመዱ ላይ ቁራጭ ሣር በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ይታሰራል፣ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ይሰበሰባል። ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ከእሱ የሚወጣው ነገር አይስ ክሬምና የጥርስ ሳሙና ያወፍራል። በሙት ውሃ ሳምንት ውሃው በበቂ ሁኔታ ስለማይሸሽ እርሻው ላይ ማንንም ላታገኙ ትችላላችሁ። ገመዶቹን አትርገጡ፣ ሴቶቹንም ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፤ ሥራ ላይ ናቸው።

ወደ ሪፉ በእግር ለመውጣት ከሽሽቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ተነሱ፣ ሠንጠረዡ ላይ ያለው የሽሽት ሰዓት ሲደርስ ፊታችሁን ወደ ዳርቻው መልሱ። ጫማ ሳታደርጉ አንድ እርምጃ አትሂዱ፣ ጥቁሩ የባህር ጃርት በየጉድጓዱ አለ። ከተወጋችሁ እሾሁን በመርፌ አትቆፍሩ፣ ስለሚሰባበር ይብሳል። ወጣ ብሎ የሚታየውን በወረንጦ ንቀሉ፣ ቁስሉን ሳያቃጥል በሚቻል ሙቅ ውሃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩት። መገጣጠሚያ አጠገብ ከሆነ ክሊኒክ ሂዱ።

ሚቻምቪ ፒንግዌ ላይ ድንጋይ ላይ የቆመው «ዘ ሮክ» የተባለው ምግብ ቤትም የሽሽትና የሙላት ትምህርት ነው፤ በሽሽት በእግር ይገባል፣ በሙላት በጀልባ። ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ፣ በባምቩአ ሳምንት የምሳ ቀጠሮ ከያዛችሁ በደረቅ እግር ገብታችሁ ውሃ ላይ ትወጣላችሁ።

ሰሜንና ደቡብ፦ ምኔምባ፣ ኑንግዊ፣ ኪዚምካዚ

ለስኖርክል (በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ተንሳፍፎ ከውሃ በታች ማየት) ምርጡ ምኔምባ ነው። ደሴቷ የግል ስለሆነች አይወረድባትም፣ ዙሪያዋ ያለው ሪፍ ግን በክፍያ ይጎበኛል። ከማቴምዌ የሚነሳ ጀልባ ከኑንግዊ ከሚነሳው በእጅጉ ይቀርባል። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ከጀልባው ብዛት የተነሳ ዓሣው ይሸሻል። በባምቩአ ቀን በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው ሞገድ ይጎትታል፣ የሙላቱ ወይም የሽሽቱ ጫፍ አካባቢ ይሻላል። መነጽሩን ጀልባው ሳይነሳ ፈትኑ፦ ማሰሪያውን ሳትጠቀሙ ፊታችሁ ላይ ለጥፋችሁ በአፍንጫ ወደ ውስጥ ተንፍሱ፣ ካልወደቀ ይሆናችኋል። ኮራል ላይ አትቁሙ፤ ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው ነው።

ኑንግዊ ዳርቻ ላይ እንጨት የሚጠርቡ የዳው (ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ) ሠሪዎችን ታገኛላችሁ፤ ያለ ንድፍ ወረቀት በዓይን ለክተው ነው የሚሠሩት።

ኪዚምካዚ በደቡብ ጫፍ የዶልፊን መንደር ነው። ብዙ ጀልባዎች ዶልፊኖቹን አሳደው ጎብኚውን ላያቸው ላይ ያወርዳሉ፣ እንስሳቱም ይረበሻሉ። በጀልባው ሰው ላይ አስቀድማችሁ ቅድመ ሁኔታ አድርጉ፦ ከሩቅ ሞተር ይቀንስ፣ ከፊታቸው አይቁረጥ፣ ማንም አይዝለል። እንዲህ ሲሆን እነሱ ራሳቸው ይጠጋሉ። በዚያው ዲምባኒ ላይ ያለው መስጊድ በሂጅራ 500፣ እ.ኤ.አ. በ1107፣ የተቀረጸ ኩፊ የተባለ የጥንት ዓረብኛ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ይዟል። ቆርቆሮ ጣሪያውን አይታችሁ አትለፉት። ጫማ አውልቁ፣ ሴቶች ሻሽ ያዙ።

መንገድ፣ ገንዘብ፣ አለባበስ

ዳላዳላ፣ ማለትም የሕዝብ ማመላለሻው፣ ሁሉ ቁጥር አለው፦ 116 ወደ ኑንግዊ፣ 309 ወደ ጃምቢያኒ። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ጉዞው ግን ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ማታም የለም። ትልቅ ሻንጣ ካላችሁ ታክሲ ይሻላል። መኪና የሚከራይ የዛንዚባር ጊዜያዊ የመንጃ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ የፖሊስ ኬላው ብዙ ነው፣ የሚነዳውም በግራ በኩል ነው።

ጥሬ ገንዘብ ከከተማው ይዛችሁ ውጡ፣ በመንደሮቹ ኤቲኤም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተመ የዶላር ኖት አብዛኛው ሰው አይቀበልም። ፌስታል በታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2019 ጀምሮ ክልክል ስለሆነ ሻንጣችሁ ውስጥ አትያዙ። ከባህር ዳርቻው ስትወጡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ የዋና ልብስ ለብሶ መንደር ውስጥ መዞር ያስቀጣል፣ ያስቀይማልም።

በመጨረሻው ቀን ሻንጣችሁን ስታዘጋጁ ዛጎልና ኮራል ከዳርቻው ያነሳችሁት ካለ መልሱት፣ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰዳል፣ ያስቀጣልም። ደረቅ ቅመም ይፈቀዳል፤ ሽታው ልብስ ላይ እንዳይቀር ቅርንፉዱን በማሰሮ ወይም ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ አሽጉት። ከኑንግዊ ወይም ከጃምቢያኒ ወደ አየር ማረፊያው የምትሄዱ ከሆነ ከበረራው አምስት ሰዓት ቀድማችሁ ተነሱ።